ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይታያል ወይ?

«እማማ፣ ድኝ የት ይሸጣል?»

ያለፈው ዓመት የፋሲካ ማግስት ነበር። ቡና እየወቀጥኩ ነው። ጠያቂው የልጅ ልጄ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ቢደርስም እኛ ቤት ዛሬም አቡሽ ይባላል። 34 ዓመት በነርስነት ስሠራ «ድኝ» ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ እከክ የያዘው ስለነበር፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት እጁን ያዝ አድርጌ ጣቶቹን እየፈለቀቅኩ መሀል መሀሉን አየሁ። ንጹሕ ነው።

«እከክ አይደለም እማማ! ዱቄት ልሠራ ነው። በጨለማ የሚያበራ።»

«ለምንህ?»

«ለአባባ» አለና አቀርቅሮ መሬት የወደቁ የቡና ፍሬዎችን መልቀም ጀመረ።

አባባ የሚለው ባለቤቴን ነው። 70ዎቹን አጋምሰዋል። በዚህ ዕድሜ እንዳለ ብዙ ወንድ ፕሮስቴት እያስቸገራቸው ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣሉ። ከመኝታ ቤታችን እስከ መጸዳጃ ቤቱ 11 ርምጃ ነው፤ መሀሉ ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ቤቱን የሠራነው ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ ክፍል እየቀጠልን ስለሆነ ወለሉ እኩል ሳይገጥም ቀርቶ ነው። «ኋላ እናስተካክለዋለን» እንዳልን 20 ዓመት አለፈ።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት፣ ባለቤቴ እንደ ልማዳቸው ራስጌያቸው ያለውን ባትሪ አነሡ። አልበራ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው ብለው በግምት ሄዱ። ሁለተኛዋ ደረጃ ጠፋችባቸው። እኔ የነቃሁት በድምፁ ነው። ሳያቸው በቀኝ እጃቸው ተደግፈው ወድቀዋል፤ አንጓቸው እንደ ሹካ ጀርባ ጎብጧል። የዚህን ስብራት ቅርጽ ያየ ነርስ ራጅ ሳይነሣ ያውቀዋል። እሳቸው «ወጌሻ ይበቃኛል» ሲሉ እኔ «አይሆንም» ስል ነጋና ስድስት ሳምንት ጀሶ አሰሩ። በአጥንት ሕክምና ክፍል ስሠራ በዚህ ዕድሜ ዳሌያቸው ተሰብሮ የመጡትን ስላየሁ፣ አንጓ ብቻ በመሆኑ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ያለ ሆነ። የዕድሜው ነው ብለን አለፍነው።

ስለ ዱቄቱ ከስልኩ ያነበበውን እያስረዳኝ ቡናው ፈላ። በ1600ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ቪንቼንዞ ካሽያሮሎ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር። ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ከከተማው አጠገብ ካለ ተራራ ያመጣውን ከባድ ድንጋይ ከከሰል ጋር ቢያቃጥለው፣ ወርቁ ቀርቶ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ብርሃን በጨለማ መልሶ የሚተፋ ሆነለት። በ1768 ደግሞ ጆን ካንተን የሚባል እንግሊዛዊ የኦይስተር ዛጎልን ከድኝ ጋር አቃጥሎ ተመሳሳይ ዱቄት አገኘ። እኛ ባሕር የለንም፤ ዛጎል ከየት ይምጣ? አቡሽ ግን የዛጎልና የዕንቁላል ቅርፊት ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት መሆናቸውን በትምህርት ቤት ተምሯል። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ዶሮ ወጥ የሠራ ቤት ሁሉ የዕንቁላል ቅርፊት አለው። ከኛ የ12 ዕንቁላል ቅርፊት፣ ከጎረቤት ሌላ ተጨምሮ አንድ ፌስታል ሙሉ ሰብስቧል።

እኔም ፈቀድኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የፈቀድኩት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ደም ግፊቱን ሊለካ ብቻ ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ስልኩን አስቀምጦ «እማማ አብረን እንሥራ» ሲል የትኛዋ አያት እምቢ ትላለች? ድኙን መርካቶ ሄጄ የገዛሁት እኔው ነኝ።

የሁለቱን ልክና አሠራሩን ሆን ብዬ አልጽፈውም፤ ምክንያቱን አሁን ታያላችሁ። ቅርፊቱ ተፈጭቶ፣ ከድኙ ጋር በቆርቆሮ ተጠቅጥቆ፣ ጓሮ ውስጥ ከሰል ምድጃ ላይ ተጣደ። «ከጓሮ ውጭ አይሆንም» ብዬ አስጠንቅቄ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የበልግ ዝናብ ወረደ። እኔ በሩ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ወሬ ይዣለሁ። ልጁ የደከመበት ነገር ሊበላሽ ሆነበትና ምድጃውን አንሥቶ ማድ ቤት አገባው፤ ነፋሱ ዝናቡን እንዳያስገባበት በሩን ዘጋ።

ድኝ ሲቃጠል በሰማያዊ ነበልባል ነው። የሚወጣው ጋዝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ እርጥብ ነገር ሲነካ አሲድ ይሆናል። የሰው ዓይን፣ ጉሮሮና ሳንባ እርጥብ ናቸው። በዚያ ላይ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። በየክረምቱ በየበዓሉ ስንት ቤተሰብ በዚህ ጋዝ ራሱን ስቶ ሲመጣ ተቀብያለሁ! ስንቱን እናት «ከሰል እያለ በር አይዘጋም» ብዬ ተቆጥቻለሁ! ሳሉን የሰማሁት ከበሩ ላይ ሆኜ ነው። ገብቼ ሳወጣው ዓይኑን መግለጥ አቅቶት፣ ደረቱ እያፏጨ፣ ትንፋሹ አጥሮ ነበር።

ሠፈራችን ያለው ክሊኒክ ኦክስጅን ሰጡት፤ በጭንብል የሚተን መድኃኒትም አደረጉለት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደረቱ ተከፈተ። ተረኛዋ ነርስ የልጄ ልጅ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። «እናቴ፣ ምን ሆኖ ነው?» ስትለኝ «ድኝ አቃጥሎ» ማለት አፈርኩና «ጭስ ነው» አልኳት። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ታማሚን «የጠጣኸውን፣ የነካኸውን በትክክል ንገረኝ» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ተመልሼ እውነቱን ነገርኳት፤ ያኔ ነው አስተውላ ዓይኑን በደንብ ያጠበችለት።

እናቱ ከሥራ ስትመጣ ሁሉን ሰማች። አልጮኸችም። «እማዬ» አለችኝ፣ «የሌላ ሰው ልጅ እንዲህ ሆኖ አንቺ ጋ ቢመጣ ወላጁን ምን ትይው ነበር?»

ምን እንደምል ጠንቅቄ ስለማውቅ መልስ አልሰጠኋትም። ሁለት ሳምንት ያህል ስንነጋገር ስለ ጨውና ስለ ዘይት ብቻ ሆነ።

ቆርቆሮው ጓሮ ተረስቶ ቀረ። ከቀናት በኋላ ባለቤቴ አንሥተው ፀሐይ ላይ አሞቁትና አቡሽን ይዘው ዕቃ ቤት ገቡ። እኔም ከውጭ ተጠርቼ ገባሁ። ልጁ «ሰማያዊ ነገር አየሁ መሰለኝ» አለ። እኔ ምንም አላየሁም። ያየሁት ባይኖርም የሸተተኝ አለ፤ እርጥበት የነካው ያ ነገር የበሰበሰ ዕንቁላል ይሸታል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ እሱም መርዝ ነው። ቆፍረን ቀበርነው።

ቤተሰቡ ተሰበሰበና ውሳኔ ተላለፈ፦ እሳት የለም፣ ድኝ የለም። እናቱ ነገሩ ሁሉ ይቁም ብላ ነበር። «የጀመረውን ይጨርስ» ያሉት ባለቤቴ ናቸው። ምክንያታቸውን አልተናገሩም፤ እኔም ያኔ አልጠየቅኳቸውም።

ልጅ አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላ በር እንደሚፈልግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ሳሎን ስገባ አቡሽ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ ምላጭ ይዞ፣ የባለቤቴን አባት የእጅ ሰዓት ሊከፍት ይታገላል። በጃንሆይ ዘመን የተገዛ ሰዓት ነው። መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ቁጥሮቹና ዘንጎቹ ላይ ያለው ቀለም እንደ ቆየ ቅቤ ቢጫ ሆኗል። ባለቤቴ ልጅ ሳሉ ሌሊት ሙሉ ያበራ እንደነበር ይናገራሉ። ልጁም ብርሃን ሳይጠጣ በራሱ የሚያበራ ዱቄት እንዳለ አንብቧል፤ ፍቆ ሊወስደው ነው።

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ምላጩን አስጥዬ ሰዓቱን በጨርቅ ያዝኩ። እጁን በሳሙና አስታጥቤ፣ ወረቀቱን እንዳለ አጥፌ፣ አስቀምጬው ነገርኩት።

ያ ዱቄት ራዲየም ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ1917 ጀምሮ ኒው ጀርሲ ውስጥ በኦሬንጅ ከተማና በሌሎችም ቦታዎች ወጣት ሴቶችን ቀጥረው የሰዓት ቁጥር በራዲየም ቀለም ያስቀቡ ነበር። ብሩሹ እንዲሾል በከንፈራችሁ አሹሉት ተባሉ። ቀለሙ ምንም አያደርግም ተባሉ። ለጨዋታ ጥፍራቸውንና ጥርሳቸውን የሚቀቡም ነበሩ፤ ማታ ጭፈራ ቤት ውስጥ እንዲያበሩ። ራዲየምን ሰውነታችን ካልሲየም ይመስለዋል፤ ወስዶ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥርሳቸው ይረግፍ፣ መንጋጋቸው ይበሰብስ፣ አጥንታቸው በትንሽ ነገር ይሰበር ጀመር። አምስቱ ፋብሪካውን ከሰሱ፤ በ1928 በካሳ ስምምነት አለቀ። አብዛኞቹ ብዙም አልቆዩም። እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ራጅ ክፍል ለልምምድ በተመደብኩበት ወቅት ነው፤ የእርሳስ ሽርጡን ሳልለብስ ሕፃን ልይዝ ስል ባለሙያው ቆጥቶኝ የነገረኝ ነው።

«ግን እማማ፣ አሁን እኮ አያበራም። ሞቷል» አለ።

የሞተው አብሮት ያለው፣ ብርሃን የሚሰጠው ዚንክ ሰልፋይድ ነው። ራዲየሙ ግማሹ ለመሄድ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። ከ1960ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ሰዓቶች ብዙዎቹ ላይ በራዲየም ፈንታ ትሪቲየም ስለገባ ከቁጥሩ ሥር «ቲ» የምትለዋ የላቲን ፊደል ትጻፋለች። አጉሊ መነጽር አምጥተን ፈለግን፤ የለችም። ስለ ጨረራ የሚያውቅ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። «እንዳትከፍቱት፣ እንዳትፍቁት፤ አደጋው ብናኙ ሲዋጥና ሲተነፈስ ነው። በሚዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ ሰው ከሚተኛበት ክፍል አውጡት፤ ለሚመለከተው አስረክቡ» አለኝ። እንዳለው አደረግን። ባለቤቴ የአባታቸውን ሰዓት ሲሸኙ ትንሽ ከፋቸው። እናንተም ቤት በሳጥን ሥር እንደዚህ ያለ የአያት ሰዓት ካለ፣ ልጆቹ ሳይደርሱበት እናንተ ድረሱበት።

ከዚህ በኋላ ልጁ ዱቄት የመሥራቱን ነገር ተወው ማለት ይቻላል። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው ጥሩው ዱቄት ስትሮንቲየም አሉሚኔት ይባላል። በ1993 የጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ ያገኘው ነው፤ ዩሮፒየምና ዲስፕሮሲየም የሚባሉ ሁለት ብርቅ ማዕድናት በጥቂቱ ይገቡበታል። አቡሽ ሲያስረዳኝ አንደኛው ብርሃኑን ይተፋል፣ ሁለተኛው የጠጣውን ኃይል ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ራዲየም የለበትም፤ ብርሃን ካልጠጣ አያበራም። የድሮው ዚንክ ሰልፋይድ ብርሃኑ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓት ነው፤ ይህኛው ከ10 ሰዓት በላይ ይቆያል። ለመሥራት ግን ከ1,200 ዲግሪ በላይ የሚግል ምድጃ ይጠይቃል። የኛ ምጣድ ለእንጀራ ነው። ዱባይ ያለችው ሁለተኛዋ ልጄ 200 ግራም ገዝታ በሰው ላከችልን። አቡሽ ሰማያዊውን ነበር የፈለገው፤ ያምራል። አረንጓዴ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። የሰው ዓይን መነጽር በዕድሜ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀረዋል። ባለቤቴ ቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸዋል፣ ግራው አልተገፈፈም፤ ያንኑ ሰማያዊ ሸሚዝ በአንዱ ዓይን ሰማያዊ፣ በሌላው አቧራ የነካው አድርገው ነው የሚያዩት።

ዱቄት ተገዛ ማለት ሙከራው አለቀ ማለት አልነበረም። እንዲያውም ያኔ ተጀመረ ብል ይሻላል። መጀመሪያ ከግድግዳ የተረፈ ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ቀላቀለው። ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ በውሃ የሚበጠበጥ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ረግቶ እንደ ጀሶ ጠጠር ሆነ፤ ብርሃኑም ጠፋ። ይህ ዱቄት ራቁቱን ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። 30 ግራም ከሰረ። ቀጥሎ «ሸካራ ነው፣ ይላም» ብሎ በቡና ሙቀጫዬ ወቀጠው። (ሙቀጫው አሁን የሱ ነው፤ ለኔ ሌላ ተገዛ።) ላመ፤ ግን በላመ ቁጥር ደበዘዘ። ፍሬው ሲሰበር የሚይዘው ብርሃን ይቀንሳል። እንደ ቁንዶ በርበሬ አይደለም፤ በወቀጣችሁት ቁጥር ኃይሉ ይሄዳል እንጂ አይወጣም።

ሦስተኛው ሙከራ በቀለም አልባ ቫርኒሽ ነው። ይህ ሠራ። ቫርኒሹ ሲቀባ መስኮት ተከፈተ፤ ዱቄቱ ሲለካ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ተደረገ። በዚህ ጊዜ ከአጠገቡ አልተነቃነቅኩም፤ ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ መጥታ ተመለሰች። በጠርሙስ ክዳኖች ላይ እየቀባ፣ አንዱን ጥቁር ላይ፣ አንዱን ነጭ ላይ፣ አንዱን ሳሳ፣ አንዱን ወፈር አድርጎ ደረደራቸው። የነጩ ልዩነት በግልጽ ይታያል፤ ወደ ኋላ የሚሄደውን ብርሃን ነጩ መልሶ ይልከዋል። በድሮው ቢጫ አምፖልም በአሁኑ ኤልኢዲ አምፖልም አሞቃቸው። ቢጫው አምፖል ደካማ ነው፤ ኤልኢዲው ይሻላል፤ የመስኮት ፀሐይን የሚያህል ግን የለም።

ደብተር አያያዙን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ተረኛ ነርስ በየሰዓቱ ሙቀትና የልብ ምት እንደምትመዘግበው፣ በላይ ሰዓቱን፣ በጎን የክዳኑን ቁጥር። «ደህና ነው» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ያየኸውን ጻፍ። የመጀመሪያው ሌሊት እንዲህ ይላል፦ «3 ሰዓት፣ ደማቅ። 4 ሰዓት፣ መካከለኛ። 5 ሰዓት፣ ደብዛዛ። 6 ሰዓት፣ ሞተ።» ልጁ ተስፋ ቆርጦ ተኛ። የሚፈልገው 9 ሰዓት ነው፤ አባባ የወደቁበትን ሰዓት።

ጠዋት ቁርስ ላይ ባለቤቴ «ያ የሞተው ነገርህ ሌሊት ሲያፈጥብኝ አደረ» አሉት።

«የትኛው አባባ?»

«ዕቃ ቤት ያለው። 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ከክዳኖቹ ሦስቱን ቆጥሬያለሁ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ማሰሮውን አስቀምጬ ሳቅኩ፤ ይህን ሳላስብ መቅረቴ ገርሞኝ ነው። ዱቄቱ አልሞተም ነበር። የሞተው የልጁ ዓይን ነው። ስልኩን ሲያይ ቆይቶ ከደማቅ ክፍል ሲወጣ ምን ያያል? ዓይናችን ውስጥ ለጨለማ የተመደቡ ሕዋሳት አሉ፤ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ሮዶፕሲን የሚባል ነገር ይፈልጋሉ። ደማቅ ብርሃን ያፈርሰዋል፤ መልሶ ለመሙላት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማ ያስፈልጋል። ሥራ በጀመርኩበት የገጠር ጤና ጣቢያ እናቶች «ልጄ ቀን ደህና ነው፤ ማታ ግድግዳ ይጋጫል» እያሉ ያመጡልኝ ነበር። ዳፍንት ነው፤ የቫይታሚን ኤ ፍሬ ሰጥተን እንልካቸዋለን። እነዚያን ልጆች አክሜ፣ የራሴን ቤት ጨለማ ግን ከብርሃን መጥቼ ነው ስለካው የከረምኩት። ያ የዕንቁላል ቅርፊት ነገርም አብርቶ ይሆናል እኮ፤ እኔ ያየሁት ከፀሐይ ገብቼ ነው።

በዚያው ሳምንት እንደገና ልንለካ ተስማማን። ክዳኖቹ ማታ ከአምፖል ሥር ቆይተው 3 ሰዓት ላይ ጨለማ ገቡ። እኛ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ሦስታችን መተላለፊያው ላይ፣ ጋቢ ለብሰን፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ስልክ የለም፣ ሻማ የለም። ግማሽ ሰዓት በድፍን ጨለማ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የማታ ተራ የገባ ሰው እንኳ አያውቀውም፤ እዚያ ቢያንስ የታማሚ ድምፅ አለ።

ጨለማው ይመስለኛል ድፍረት የሰጠው። ፊታችንን አያይም፤ ፊቱንም አናይም።

«አባባ፣ ያን ቀን የባትሪውን ድንጋይ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ልቤ ቆመ። ባትሪው አልበራ ያለው ድንጋዩ አልቆ ነው ብለን ነበር እኮ። ለካ ጭራሽ አልነበረውም።

ባለቤቴ ወዲያው አልመለሱም። ከዚያ «አውቃለሁ» አሉ። «በማግስቱ ያቺ የሠራሃት ትንሽ ማራገቢያ ስትዞር አይቻታለሁ። የኔ ድንጋዮች ነበሩ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«እጄ ጀሶ ውስጥ ነበር። ጆሮህን በምን ልቆንጥጠው?»

ልጁ ሊስቅ ጀምሮ አለቀሰ። እኔም በጨለማ አለቀስኩ፤ አላዩኝም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከክረምት እስከ ክረምት አንድ ምሥጢር ከሁለት ወገን ይዘው አብረውኝ ቁርስ ይበሉ ነበር። ባለቤቴ «የጀመረውን ይጨርስ» ያሉበትም ያኔ ገባኝ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ቢነግሩት ኖሮ ያን ሁሉ ወር ባልተሸከመው» ብዬ ወቀስኳቸው። «ራሱ እስኪነግረኝ ጠበቅኩ» አሉ። በዚህ ዛሬም አልተስማማንም። እኔ ቁስል ቶሎ ይታጠባል ባይ ነኝ።

«አየሁት!» አለ ልጁ ድንገት። «አይ፣ ጠፋ።»

«ቀጥ ብለህ አትየው» አልኩት። የዓይን መሀል የጨለማ ሕዋስ የለውም። «አጠገቡን እይ።» አጠገቡን ሲያይ ታየው። ከአሥሩ ክዳኖች ነጭ ላይ ወፈር ብለው የተቀቡት አራቱ በርተው ነበር። መጽሐፍ አያስነብቡም፣ ፊት አያሳዩም። እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ ይላሉ፤ በቃ።

የሁለቱ ደረጃዎች ጠርዝ በነሐሴ ተቀባ። መጀመሪያ ነጭ ቀለም፣ ከዚያ ዱቄት ያለው ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ፣ ከላይ ደግሞ እርጥበት እንዳይነካው ባዶ ቫርኒሽ። የመጸዳጃ ቤቱ እጀታና የመብራቱ ማብሪያም አንዳንድ ነጥብ ደረሳቸው። የመተላለፊያው ኤልኢዲ አምፖል እስክንተኛ ይበራል፤ መብራት ገና በቀን ከጠፋ ደግሞ መስኮቱ እስከ 12 ሰዓት ያሞቀዋል። እናቱ መጥታ አየችው፤ ተንበርክካ በጣቷ ዳሰሰችው። «እማዬ፣ ይሄ እንኳ አሪፍ ነው» አለችኝ። ከጨውና ከዘይት ውጭ የተነጋገርነው ያኔ ነው ባልልም፣ ያኔ ነው የቀለለኝ።

ዱቄቱ ባትሪን አይተካም፤ ይህን ለባለቤቴም ነግሬያቸዋለሁ። ራስጌያቸው ያለው ባትሪ አዲስ ነው፤ ድንጋዩን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የሚቀይረው አቡሽ ነው። ያን ቀን አንድም ጊዜ አልረሳም።

ደብተሩ አሁን መተላለፊያው ላይ በክር ተንጠልጥሏል። ልጁ የመመዝገቡን ሥራ ለአያቱ አስረክቧል፤ ሌሊት የሚነሡት እሳቸው ናቸውና። የነርስ ባል ስለሆኑ ይሁን ሊያሾፉብኝ አላውቅም፣ ባለፈው ሳምንት መብራት በጠፋበት ሌሊት ጠዋት ገልጬ ያነበብኩት ይህ ነው፦ «9፡20። መብራት የለም። ሁለቱም ደረጃ ይታያሉ። ሽንት ደህና።»